ከፊልሙ የጠፋው ሰው

በከተማ ጎዳና ሌሊቱን የሚያነጉ ወጣት ሴቶችን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም በወጣ ቍጥር በአገራችን አንድ የታወቀ ክርክር ይነሣል። ከፊሉ ሰው «ይህ ገመናችንን አደባባይ ማውጣት ነው፤ የወጣቱንም ጠባይ ያበላሻል» ይላል። ከፊሉም «ኑሯችን ይኸው ነውና ይታይ» ብሎ ይመልሳል። እኛ በአሶሳ ሆነን ይህን ክርክር ስናዳምጥ ሁለቱም ወገኖች አንድ ታላቅ ነገር እንደ ዘነጉ እናያለን። ይኸውም ሴቲቱ ትታይ ወይስ አትታይ እያሉ ሲከራከሩ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ከበሩ የሚወጣውን ወንድ ማንም አለመጠየቁ ነው።

በመጀመሪያ ለከልካዮቹ መልስ እንስጥ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሴተኛ አዳሪነትም በፊልም ምክንያት የመጣብን ነገር አይደለም። ነጋሽ ገብረ ማርያም፣ እናኑ አጎናፍር በሚል የብዕር ስም፣ «ሴተኛ አዳሪ» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተሙት በ1956 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም ለሕዝብ ሲታይ ርእሱ «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የሚል ነበር። እንግዲህ የፊልም ጥበባችን አፉን የፈታው የአንድ ወንድ ማንነት በመጠየቅ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄው እየተረሳ፣ ኀፍረቱ ሁሉ በሴቲቱ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ሄርሞን ኃይላይ ያዘጋጀችውና በእንግሊዝኛ ርእሱ «የፍቅር ዋጋ» የተባለው ፊልም በ2007 ዓ.ም. በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች በዓል፣ ቀጥሎም በቶሮንቶ ታይቶ አገራችንን አስጠርቷል። በታሪኩ ውስጥ አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ባለ ታክሲ በአንዲት ሴተኛ አዳሪ ጉዳይ ገብቶ ታክሲውን ያጣል። ፊልሙ ሴቲቱን ሳይንቅ ማሳየቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የወንዱ ኪሳራ በታክሲ ይለካል፤ የእርሷ ኪሳራ በምን ይለካ? እርሱ ተፈትኖ ሲያድግ እናያለን፤ በየሌሊቱ ዋጋዋን የሚቈርጡት ሰዎች ግን በጨለማው ውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ። ይህን ስንል አንዲትን ደራሲ ለመውቀስ አይደለም፤ የጥበባችንን ልማድ ለማሳየት ነው።

ሁለተኛው ልማድ ደግሞ ነገሩን ሁሉ የአዲስ አበባ ማድረግ ነው። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው አሶሳ ግን የዚህን ታሪክ ሥር ለማየት ትበቃለች። ክልላችን የወርቅ አገር ነው። የበርታ ሴቶች በወንዝ ዳር አጎንብሰው አፈር እያጠቡ በላባቸው ወርቅ ያወጣሉ። በጉባ ከ2003 እስከ 2017 ዓ.ም. ታላቁ የህዳሴ ግድብ ሲሠራ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ከየአገሩ መጥቶ ነበር። ወንዶች ከቤተ ሰባቸው ርቀው፣ ደመወዝ በኪሳቸው ይዘው በተሰበሰቡበት ሁሉ መጠጥ ቤት ይከተላል፤ መጠጥ ቤቱንም ደላላው ይከተላል። ይህ የአንድ ብሔረሰብ ነውር አይደለም፤ በዓለም ሁሉ የታየ የገንዘብና የመንገድ ጠባይ ነው።

ደላላውስ ልጅቱን ከወዴት ያገኛታል? በ2011 ዓ.ም. በካማሺ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ብዙ ስደተኞች በኩርሙክ በኩል ተሻግረው መጥተዋል። ቤቷን ያጣች ልጅ፣ ያለ ዕድሜዋ ከመዳር የሸሸች ልጅ፣ «የቤት ሠራተኛነት አገኝልሻለሁ» የተባለች ልጅ ሁሉ ለደላላው ቅርብ ናት።

ይህ ምድር የሰው ልጅ ዋጋ ተቈርጦለት የተሸጠበትን ዘመን አይቷል። በሼክ ኾጀሌ አል ሐሰን ጊዜ ከወርቁ ጋራ ባሪያም ለግብር ይላክ ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ። ዛሬ ሰንሰለት የለም፤ ዕዳ ግን አለ። የአልጋ ዕዳ፣ የልብስ ዕዳ፣ የደላላው ድርሻ ልጅቱን እንደ ሰንሰለት ያስሯታል። «ወዳ የገባችበት ነው» የሚሉ ሰዎች ይህን ዕዳ ቢቈጥሩት መልካም ነበር።

ሕጉም ቢሆን ከልማዳችን ይልቅ ፍርድ ያውቃል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ራሷን የምትሸጠውን ሴት ስለዚሁ ሥራዋ ብቻ አይቀጣም። በአንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላው ሰው ገላ የሚነግደውን አቃጣሪና ለዚሁ ሥራ ቤት የሚይዘውን ሰው ነው። በአንቀጽ 626 ደግሞ ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ልጅ ጋራ የተኛ ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። እንግዲህ ሕጉ የወንዱን ስም ሲጠራ፣ ፊልማችን ስለ ምን ፊቱን ይሸሽጋል? እኛስ በመንገድ ስናልፍ ልጅቱን እየተጠቋቆምንባት፣ እርሱን ስለ ምን ጎንበስ ብለን እጅ እንነሣለን?

ስለዚህ የፊልም ደራሲዎቻችን ካሜራቸውን ከልጅቱ ቀሚስ አንሥተው ወደ ከፋዩ ፊት፣ ወደ ደላላው እጅ፣ ወደ ቤቱም ባለቤት የሒሳብ መዝገብ እንዲያዞሩት እንለምናለን። ወደ አሶሳም ይምጡ፤ ታሪኩ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ይጀምራል። ባለ ሥልጣኖቻችንም መጠጥ ቤቱን ሲፈትሹ የቢራውን ብዛት ብቻ ሳይሆን የምታስተናግደውን ልጅ ዕድሜ ይጠይቁ። ፊልሙን መከልከል ቀላል ነው፤ ልጅቱን ግን ከዚያች ክፍል አያወጣትም። እርሷን የሚያወጣት፣ በሩን ከፍቶ የገባውን ሰው በስሙ የሚጠራ ኅብረተሰብ ነው።