ገበያን አንድ ቦታ አከማችቶ “አትጠጋጉ” ማለት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ በአዲስ አበባ የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ጣራ ነካ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ተቃራኒው መጣ። ጥሬ አትክልት በሽታውን ያስተላልፋል የሚል ወሬ ተነዛና ሰላጣና ቲማቲም የሚፈራው ሰው በዛ። ወሬው መሠረት አልነበረውም። ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነበር።

በዚያ ሰሞን “ከቤት አትውጡ፣ አስቤዛችሁን በአንዴ ግዙ” የሚል ምክር በየሚዲያው ይሰማ ነበር። ምክሩ ፍሪጅና የወር ደመወዝ ላለው ሰው ይሠራል። የዕለት ገቢውን ይዞ ማታ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርትና ሦስት ቲማቲም ለሚገዛው ግን ገበያ አለመውጣት ማለት ጦም ማደር ነው። ለዚህ ሰው የምግብ ዋስትናው ሰፈሩ ጥግ ላይ ሸራ ዘርግታ የተቀመጠችው ባለጉሊት ናት።

በሌላው ጫፍ ያለው ገበሬ ነው። በመቂ፣ በዝዋይና በቆቃ ዙሪያ በመስኖ የሚያመርተው ገበሬ ለፓምፑ ነዳጅ፣ ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት ያወጣውን የሚመልሰው ምርቱ በወቅቱ ሲነሳለት ብቻ ነው። የቀላ ቲማቲም “ወረርሽኙ እስኪያልፍ ጠብቅ” አይባልም። አይሱዙው አንድ ሁለት ቀን ከዘገየ ገበሬው ደላላው በቆረጠለት ዋጋ ይሸጣል፤ ያም ካልሆነ ማሳው ላይ ይበሰብስበታል።

በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው መንገድ የሚያልፈው በአንድ በር ነበር፤ ፒያሳ ባለው አትክልት ተራ። ጠባብ ነበር፣ ሰው በሰው ላይ ነበር። ስለዚህ ገበያውን ወደ ጃንሜዳ ማዛወሩ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነበር። ገበያውን ከመዝጋት ይልቅ ሰፊና አየር ያለው ቦታ መስጠት ብልህነት ነው። ነገር ግን ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ጭቃ ሆነ። በኋላም የ2013 ጥምቀት ሳይደርስ ሜዳው ለበዓሉ እንዲለቀቅ ተደርጎ፣ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ።

ሦስቱም ቦታዎች የሚጋሩት አንድ ችግር አለ። ሁሉም ሰው ወደ አንድ ቦታ ይጠራል። የተቀየረው አድራሻው ነው እንጂ መጨናነቁ የሚመጣበት ምክንያት አልተነካም። በዚያ ላይ ከተማዋ ደቡብ ዳር ላይ ያለ ገበያ ለሽሮ ሜዳዋ ባለጉሊት ረጅም መንገድ ነው። የትራንስፖርቱ ወጪ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ቲማቲሙ ዋጋ ላይ ነው።

ጅምላ ንግድ የጭነት መኪና የሚያስገባ፣ የሚያራግፍበት አንድ ማዕከል ያስፈልገዋል የሚለው ክርክር እውነት ነው። ችርቻሮው ግን እንደዚያ አይደለም። ከወረርሽኙ ወዲህ የተስፋፉት የእሁድ ገበያዎች ምርትን ከአምራቹ ወደ ሰፈር ማቅረብ እንደሚቻል አሳይተዋል። ጉድለታቸው በስማቸው ላይ አለ፤ ሰው የሚበላው በየቀኑ ነው፣ እሁድ ብቻ አይደለም።

መፍትሔው ብዙ ሕንፃ አይጠይቅም። በየወረዳው ጥላ፣ ውኃና የቆሻሻ መጣያ ያለው፣ በየቀኑ ክፍት የሆነ ትንሽ ገበያ ይበቃል። የገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር መኪናውን በቀጥታ ወደዚያ ያምጣ። ባለጉሊቷም ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራዋን ጠቅልላ የምትሮጥ ሕገወጥ ሳትሆን፣ ቦታዋ የታወቀ ነጋዴ ትሁን።

ወረርሽኝ ሲመጣ ሰው መራራቅ ይችላል። ከምግቡ ግን መራቅ አይችልም። ስለዚህ ሰውን “አትጠጋጉ” ከማለት በፊት ገበያውን ወደ ሰው ማስጠጋት ይቀድማል። ይህ ደግሞ የሚሠራው በሽታው በር ላይ ሲቆም ሳይሆን፣ እንዲህ ፋታ ሲገኝ ነው።