ጮኸለት ወይስ ጮኸበት?

«ጮኸ» የሚለውን ግስ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ስለ ሆነ ምን ምርምር ያሻዋል ትሉ ይሆናል። ውሻ ይጮሃል፤ ዶሮ ይጮሃል፤ የራበው ሆድም ይጮሃል። የሰው ጩኸት ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ከሰሚው የሚፈልገው ነገር አለና። «እሪ» ወይም «ኡኡ» ያለ ሰው ድረሱልኝ ማለቱ ነው፤ «አቤት» ያለም ዳኛ ይፍረድልኝ ማለቱ ነው፤ «አቤቱታ» የተባለውም ቃል ከዚሁ የመጣ ነው። የሚገርመው ደግሞ ስንጠራ የምንመልሰውም በዚሁ በ«አቤት» መሆኑ ነው፤ ጯሂውና መላሹ በአንድ ቃል ይገናኛሉ። በአዲስ አበባ፥ በፒያሳ አጠገብ፥ አንድ ሰፈር «እሪ በከንቱ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ይህ ስም የሚወቅሰው የጮኸውን ሳይሆን ሰምቶ ያልደረሰውን ነው።

የግሱ ትርጉም በአንዲት ፊደል ይለወጣል። «ጮኸበት» ስንል ተቈጣው ማለታችን ነው፤ «ጮኸለት» ስንል ስለ እርሱ አቤት አለለት ማለታችን ነው፤ «ተጯጯኹ» ካልን ግን ማንም ማንንም አልሰማም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ በወጡ ጊዜ የጮኹት ስለ ራሳቸው ምግብና መኝታ አልነበረም፤ ለገበሬው ጮኹለት እንጂ። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ የወጣው ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ መልካም ነበር ለማለት አይደለም፤ ጩኸቱ ግን ባለቤት ነበረው።

እኛስ? ባለፈው ስብሰባችን አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የመኝታ ሕንፃቸው ውሃ ከተቋረጠ ሳምንት ማለፉን ሊያስረዳ ተነሣ። ገና ሁለት ቃል ሳይናገር ግማሾቻችን በአስተዳደሩ ላይ፥ ግማሾቻችን እርስ በርሳችን ጮኽን። ሰዓቱ አለቀ፤ ልጁም ተቀመጠ፤ ጉዳዩን በቃለ ጉባኤው ያሰፈረለት አልነበረም። ይህን የምንጽፈው እኛም ከጯሂዎቹ መካከል ነበርን። ባላገር «ጩኸቴን ቀሙኝ» ይላል፤ የዚያን ወንድማችንን ጩኸት የቀማነው እኛው ነን።

ስለዚህ በሚመጣው ስብሰባ ከሁሉ አስቀድሞ ለእርሱ ዕድል ይሰጠው፤ እኛም እስኪጨርስ ዝም ብለን እናድምጠው፤ ጉዳዩም ይጻፍለት። ከዚያ በኋላ በአንድነት እንጩህለት።