እፎይታው ጣርማ በርን ይሻገራል?

ሰሞኑን በታክስ ክፍለ ጊዜያችን «የግብር እፎይታ ባለሀብትን ወደ ትንንሽ ከተሞች ይስባል ወይስ አይስብም?» የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። አብዛኛው ተማሪ «ይስባል» አለ። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ሆኜ ሳለ ዝም አልኩ። ያን ዕለት ያልተናገርኩትን እነሆ ልጻፈው።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270 አገሩን በሁለት ወገን ከፈለው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን አንድ ወገን፣ የቀረው ሁሉ ሌላ ወገን። በዚህኛው ወገን ፋብሪካ ለሚተክል የእፎይታው ጊዜ ይረዝም ነበር። እንደ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ሶማሌ ላሉ አካባቢዎች ደግሞ እፎይታው ካለቀ በኋላ ለ3 ተከታታይ ዓመታት የ30 በመቶ ቅናሽ ተጨመረላቸው። ሐሳቡን አልቃወምም። ግን እስቲ ካርታውን ዘርግተን እንየው። ደብረ ብርሃንም ደብረ ሲናም የነበሩት «የቀረው ሁሉ» ውስጥ ነው፤ እፎይታቸው እኩል ነበር። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። እኛ ጋ ለመድረስ ሌላ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ቁልቁል መውረድ ነው። መሬቱም አያስተማምንም፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በከተማችን አቅራቢያ መሬት ተንሸራቶ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። ታዲያ የትኛው ባለሀብት ነው ለዚያው እፎይታ ያን ጠመዝማዛ የሚወርደው? በ2011 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ደብረ ብርሃን ነው። አልቀናሁም ብል ግን እዋሻለሁ።

«እንግዲያው ለደብረ ሲና ዓመቱ ይጨመርላት» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ በበኩሌ ይህም የሚፈይድ አይመስለኝም። የገቢ ግብር እፎይታ የሚጠቅመው ያተረፈን ሰው ነው፤ ላላተረፈ ምኑ ይቀነስለታል? ያለ እፎይታም ይመጣ ለነበረው ደግሞ እንዲያው ስጦታ ነው። ማቆየቱም ላይ ቢሆን አቅሙን አይተናል። ጦርነቱ ደብረ ሲና በገባበት በዚያው ኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በወሩ ገደማ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። ኩባንያውን ያስወጣው የግብር ብዛት አልነበረም።

በደሴ መስመር የሄደ ሁሉ የደብረ ሲናን ቆሎ ያውቃል። እናቴም ቆሎ ነጋዴ ናት። እኔም በልጅነቴ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር እየሮጥኩ በመስኮት አቀብያለሁ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ቁርጥ ግብሯን ስትከፍል እያየሁ ነው ያደግሁት። እፎይታ የሚባል ነገር በሰፈራችን ተሰምቶም አያውቅ። ስለ ደንቡ ስነግራት «እኔስ ስንት ዓመት ቆየሁ፣ መቼ ሄድኩባቸው?» ብላ ሳቀች። እሷ የምትፈልገው አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ጥላ፣ ውሃ፣ መቁያ ማሽን የምትገዛበት ብድር፣ ቆሎውንም አሽጋ ለአዲስ አበባ ሱቆች የምታስረክብበት መንገድ ነው። ለፋብሪካ ከሚተወው ግብር ጥቂቱ ለዚህ ቢውል፣ የማይሄድ ነጋዴ ላይ ዋለ ማለት ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣችሁ ልጆች፣ ይህን ለምን አታጠኑትም? በአንድ በኩል ለፓርኩ የተተወውን ግብር፣ በሌላ በኩል የጣርማ በር ወረዳ ትንንሽ ነጋዴዎች የከፈሉትን አስቀምጡና አስሉት። ቆሎው በኔ ነው።