በሚጎተት ትንሽ ቤት ውስጥ ስለ ዕቃ አቀማመጥ

ሰው ከቤተ ሰቡ ጋራ ለጥቂት ቀን አየር ሊለውጥ ሲያስብ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የማደሪያ ነገር ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቤተ ሰብ ይህን ጭንቀት ያቀለለው ካራቫን በሚባለው፥ በአውቶሞቢል ኋላ ተያይዞ በሚጎተት ትንሽ ቤት ነው። በዚህ ቤት ውስጥ አልጋው፥ ምድጃው፥ ገበታውና ቁም ሣጥኑ በአንድ ጠባብ ክፍል ተሰብስበው ስለሚገኙ፥ ባለቤቱ ዘወትር የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህን ሁሉ ዕቃ ወዴት አኖረዋለሁ?» የሚል ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምናቀርበው ምክር ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ነገር ግን አስቀድሞ አንድ ነገር ማስገንዘብ ያስፈልጋል። በሚጎተት ቤት ውስጥ ባዶ ቦታ መገኘቱ ቦታውን ለመሙላት ፈቃድ አይሆንም። የቆመ ቤት ዕቃ ቢበዛበት የሚጨነቁት ነዋሪዎቹ ብቻ ናቸው፤ የሚሄድ ቤት ግን ዕቃ ሲበዛበት ወይም ያለ ስፍራው ሲቀመጥበት፥ ባለቤቱን ከነቤተ ሰቡ፥ አውቶሞቢሉንም ጭምር ለአደጋ አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ በዚህ ቤት ውስጥ ዕቃን በሥርዓት ማኖር የንጽሕናና የውበት ነገር ብቻ ሳይሆን የነፍስም ነገር ነው።

ለመዝናኛ የተሠራ የመጀመሪያው ካራቫን ነው ተብሎ የሚነገርለት፥ ስኮትላንዳዊው ሐኪምና ደራሲ ዊልያም ጎርደን ስቴብልስ በ1885 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ያሠራው «ወንደረር» የተባለው ሠረገላ ነው፤ ትርጓሜውም «ዘዋሪ» ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ይህ ሠረገላ ክብደቱ ወደ ሁለት ቶን ሲሆን የሚጎተተው በሁለት ፈረሶች ነበር። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው አሪስት ዴትሌፍስ፥ ሠዓሊት የነበረችው ፍሪደል በሥራው ጉዞ ሁሉ አብራው እንድትሄድ ብሎ በአውቶሞቢል የሚጎተት የመኖሪያ ቤት ሠራ። የእኛም አገር ይህን ዓይነት ቤት በብዛት ያየችበት ጊዜ አለ። አሜሪካዊው የካራቫን ሠሪ ዋሊ ባያም በ1959 እና በ1960 ዓ.ም. 41 ካራቫኖች አስከትሎ ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ሲጓዝ በኢትዮጵያ በኩል አልፏል፤ በአዲስ አበባም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ቀርቧል። ከዚያ ጉዞ በኋላ በ1961 ዓ.ም. የእርሱ ድርጅት ያወጣው «ባምቢ» የተባለው ትንሽ ካራቫን ርዝመቱ 16 ጫማ፥ ማለት ከ5 ሜትር ጥቂት ያነሰ ነበር። እንግዲህ ከወንደረር እስከ ባምቢ ድረስ ፈረሱ በሞተር ተለወጠ፤ የጎታቹ ኃይል ወሰን ያለው መሆኑ ግን አልተለወጠም።

አንደኛ ማወቅ የሚገባው የክብደት ሒሳብ ነው። ቤቱ ከነጭነቱ ሊደርስበት የሚፈቀደው የክብደት ወሰን ሠሪው በለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህ ወሰን የባዶው ቤት ክብደት ሲቀነስ፥ የሚቀረው ባለቤቱ ሊጭን የሚችለው ነው። ለምሳሌ ወሰኑ 1,300 ኪሎ፥ ባዶው ቤት 1,050 ኪሎ ቢሆን፥ ለጭነት የሚተርፈው 250 ኪሎ ነው። ይህ ቍጥር ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፥ 80 ሊትር የሚይዝ የውሃ ማጠራቀሚያ ሲሞላ 80 ኪሎ ይወስዳል። እያንዳንዳቸው 11 ኪሎ ጋዝ የሚይዙ ሁለት የብረት ሲሊንደሮች ከነጋዛቸው ወደ 46 ኪሎ ይመዝናሉ። ባትሪው ደግሞ 25 ኪሎ ቢሆን፥ ለአራት ሰው ልብስ፥ ምግብ፥ መኝታና መገልገያ ሁሉ የሚቀረው 99 ኪሎ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው ሲካፈል 25 ኪሎ እንኳ አይሞላም። በዚህ ቤት ውስጥ ቦታው ሳያልቅ ክብደቱ አስቀድሞ እንደሚያልቅ ከዚህ ይታወቃል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ከመንገድ በፊት የተጫነውን ቤት በመኪና ሚዛን ላይ ያስመዝናል፤ በሚያርፍበት ስፍራ ንጹሕ ውሃ መኖሩን ካረጋገጠም ለመንገዱ የሚበቃውን ብቻ ይቀዳል።

ሁለተኛው ነገር ሚዛን ነው። በአገራችን አጋሰስ የሚጭን ሰው ቀኙን ከግራው ሳያስተካክል ቢጭን፥ ጭነቱ መንገድ ላይ እንደሚያጋድልና እንስሳውን ገጣባ እንደሚያደርገው ያውቃል። ካራቫንም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ከቀኝና ከግራው ሌላ የፊትና የኋላ ሚዛን አለው። ትንሽ ካራቫን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አክስል ላይ ብቻ የቆመ ስለ ሆነ፥ በስተኋላው የተጨመረው ክብደት በስተፊቱ ያለውን ጋንቾ ወደ ላይ ያነሣል። በጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት በአሜሪካ ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ፥ በእንግሊዝ አገር ከመቶ ከ5 እስከ 7 እጅ እንዲሆን ይመከራል፤ ሆኖም የአውቶሞቢሉና የጋንቾው ሠሪዎች ከወሰኑት ማለፍ አይገባም። ፊቱ እጅግ ሲከብድ የአውቶሞቢሉ ኋላ ይጫናል፥ የፊት ጎማዎቹም መሬቱን አጥብቀው መያዝ ይሳናቸዋል። ፊቱ ሲቀልል ግን የባሰ ነው፤ ቤቱ በፍጥነት ጊዜ እንደ ከብት ጅራት ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መወዛወዙም ከበረታ አውቶሞቢሉን ይዞ ሊገለበጥ ይችላል።

ይህን በቍጥር ማስረዳት ይቻላል። ከአክስሉ እስከ ጋንቾው 4 ሜትር ቢሆን፥ ከአክስሉ 2 ሜትር በስተኋላ ባለ ሣጥን ውስጥ 30 ኪሎ የቆርቆሮ ምግብ ቢቀመጥ፥ ከጋንቾው ላይ 15 ኪሎ ይቀንሳል። ብስክሌቶችን በቤቱ ጀርባ መስቀልም የሚያደርሰው ጉዳት ይህንኑ የመሰለ ነው። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ ከባዱ ዕቃ ከወለሉ ላይና ከአክስሉ አጠገብ፥ መካከለኛው ከታች በሚገኙት ሣጥኖች፥ ቀላሉ ከላይ ይሁን።

እንግዲህ ይህ ሕግ ከታወቀ በኋላ ቦታን ስለ ማብዛት መናገር ይቻላል። የመጀመሪያው ሰፊ ስፍራ በመቀመጫዎቹ ሥር ያለው ሣጥን ነው። ቀን የመቀመጫ፥ ሌሊት የአልጋ የሚሆነው ይህ ስፍራ ለአክስሉ የቀረበ ከሆነ የቆርቆሮ ምግብ፥ የሥራ መሣሪያና ድስት ሊቀመጥበት ይገባል። በአልጋው ሥር የማያዘወትሩት ዕቃ ይግባ፤ በየማታው ፍራሽ እያነሡ ሳሙና መፈለግ አድካሚ ነውና። ከጣራው በታች ባሉት መደርደሪያዎች ሹራብ፥ ፎጣ፥ ዳቦና የሻይ ቅጠል እንጂ ሰሐንና ጠርሙስ አይቀመጥም፤ ፍሬን በድንገት በተያዘ ጊዜ መዝጊያው ተከፍቶ ይወርዳሉና።

ሁለተኛው ስፍራ ብዙ ሰው የሚረሳው የግድግዳውና የመዝጊያው ውስጥ ነው። በቁም ሣጥን መዝጊያ ውስጥ ኪስ ኪስ ያለው ጨርቅ ቢሰቀል፥ ጫማ፥ መብራት፥ ማበጠሪያና መድኃኒት በየኪሱ ይገባል። ከአልጋው በላይ የተወጠረ መረብ የሌሊት ልብስንና መጽሐፍን ይይዛል። ነገር ግን የካራቫን ግድግዳ ስስ ስለ ሆነ፥ በውስጡም የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለሚያልፍ፥ ባለቤቱ በገዛ እጁ ብሎን ሊበሳበት አይገባም፤ ዝናብ በአንዲት ቀዳዳ ገብቶ በውስጡ ያለውን እንጨት ያበሰብሳልና። ለቀላል ዕቃ የሚጣበቅ መንጠቆ ይበቃል።

ሦስተኛው ዘዴ በዕቃው ቅርጽ ነው። ክብ ዕቃ በአራት ማዕዘን ሣጥን ውስጥ ሲገባ በማዕዘኖቹ በኩል ከመቶ ከ21 እጅ የሚበልጥ ቦታ በከንቱ ይቀራል፤ ስለዚህ ስኳሩን፥ ሩዙንና ቡናውን በአራት ማዕዘን ዕቃ መያዝ ይሻላል። ድስቶቹ አንዱ ከአንዱ ውስጥ የሚገቡ፥ እጀታቸውም የሚነቀል ቢሆኑ የአራቱ ስፍራ የአንዱ ብቻ ይሆናል። የሚታጠፍ ባልዲና የሚታጠፍ ሳፋም ይገኛል። ደረቅ የልብስ ሻንጣ ባዶ ሲሆንም ያንኑ ቦታ እንደ ያዘ ይኖራል፤ የጨርቅ ቦርሳ ግን ልብሱ ሲወጣ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የሌሊቱ ብርድ ልብስ ቀን በትራስ ልብስ ውስጥ ቢገባ መደገፊያ ይሆናል፤ ሰፊ የሽንኵርት መክተፊያ በዕቃ ማጠቢያው ላይ ቢጋደም የሥራ ገበታ ይሆናል። በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ዕቃ ሁለት ሥራ ለሚሠራው ስፍራውን ሊለቅ ይገባዋል።

አራተኛው ነገር የቤተ ሰብን ሰላም ይመለከታል። ለእያንዳንዱ ሰው፥ ለአባትም ለልጅም፥ መጠኑ እኩል የሆነ አንድ ሣጥን ይሰጠው፤ የሚወደውን ሁሉ ከሣጥኑ ሳያልፍ ይያዝ። ልጅ ከአሻንጉሊቶቹ የትኛውን እንደሚይዝ ራሱ ሲመርጥ መተውን ይማራል፤ አባትም ከሣጥኑ ያለፈውን ዕቃ ሲያስቀር ልጁ አይቶ ይታዘዛል። ለጋራው ዕቃ ሁሉ ደግሞ የታወቀ ስፍራ ይኑረው፤ ስፍራውንም ሁሉም ይወቀው። በሌሊት ዝናብ ሲመጣ መብራቱ፥ የዝናብ ልብሱና ቦት ጫማው በበሩ አጠገብ ካልተገኙ፥ አንዱ ሌላውን መውቀስ ይጀምራል። በጠባብ ቤት ውስጥ ደግሞ ከቍጣ የሚሸሹበት ሁለተኛ ክፍል የለም።

አምስተኛው፥ ባዶ ቢመስሉም ፈጽሞ ሊሞሉ የማይገባቸው ስፍራዎች አሉ። በብዙ ካራቫን ወለል ላይ የሚታዩት ቀዳዳዎች የተሠሩት ጋዝ በድንገት ቢያመልጥ እንዲወጣባቸው ነው፤ ይህ ጋዝ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ወደ ታች ይወርዳልና። በምንጣፍ ወይም በሣጥን የሸፈናቸው ሰው ጋዙን ቤት ውስጥ አስቀረው ማለት ነው። እንዲሁም የማሞቂያውና የማቀዝቀዣው አየር ማስገቢያ፥ በአደጋ ጊዜ የሚወጡበት መስኮት፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ሽታ የሌለው መርዛም አየር የሚያስታውቀው መሣሪያ፥ እነዚህ ሁሉ ፊታቸው ክፍት ሆኖ ሊኖር ይገባል። የጋዝ ሲሊንደሮቹም በተሠራላቸው ክፍል ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ በጠፍር ይታሰሩ። ከፍራሹ ሥር ያለው ስፍራ ደግሞ እስከ አፉ ከታጨቀ አየር ስለማይዘዋወርበት ወዝ ይይዛል፥ ይሻግታልም።

ስድስተኛው የመነሻ ሥርዓት ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ጕዳይም ይስማማል። አውቶሞቢሉ ከመንቀሳቀሱ በፊት አንድ ሰው ቤቱን ከፊት እስከ ኋላ ይመልከት፤ መዝጊያዎቹና መሳቢያዎቹ ተቈልፈው እንደ ሆነ፥ ብርጭቆዎቹ በጨርቅ ተለይተው እንደ ሆነ፥ በገበታና በምድጃ ላይ የቀረ ዕቃ እንዳለ፥ ጋዙ ተዘግቶ እንደ ሆነ ይመርምር። ይህን ሥራ በችኰላ ጊዜ ልብ ስለሚዘነጋው፥ ቅደም ተከተሉ በወረቀት ተጽፎ በበሩ ውስጥ ቢለጠፍ መልካም ነው።

በመጨረሻም፥ ከሁሉ የሚበልጠው የዕቃ አቀማመጥ ትምህርት ከጕዞ ሲመለሱ የሚገኘው ነው። ዕቃው ሲራገፍ በሦስት ክምር ይከፈል፤ ዘወትር የሠራንበት በአንድ ወገን፥ አንድ ጊዜ ብቻ የነካነው በሌላ ወገን፥ ከቶ ያልነካነው በሦስተኛው ወገን ይሁን። ሁለተኛው ክምር ይታሰብበት፤ ሦስተኛው ግን በሚመጣው ጕዞ ቤት ይቅር። ከዚህ ፍርድ ነፃ የሚሆኑት የእሳት ማጥፊያው፥ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ፥ የሥራ መሣሪያውና ተለዋጩ ጎማ ናቸው፤ እነዚህ ባይነኩ ደስ ሊለን ይገባል እንጂ አይጣሉም። እንዲህ የሚያደርግ ቤተ ሰብ ከጥቂት ጕዞ በኋላ አንድ ባዶ መደርደሪያ ያገኛል። ያን መደርደሪያ እንደ ባዶነቱ ይተወው። በመንገድ የተገዛው ፍራፍሬ፥ ልጆቹ ከወንዝ ዳር ያነሡት ድንጋይ፥ ዝናብ ያገኘው ወዳጅ ኮት ስፍራ የሚያገኙት በዚያ ነው። መንገድ ለሚሰጠው ነገር ስፍራ ያላስቀረ ሰው፥ ቤቱን ተሸክሞ ዞረ እንጂ ተጓዘ አይባልም።