አልተስማማኝም

አማርኛችን ለሆድ ነገር ካሉት ቃላት ሁሉ «አልተስማማኝም» የሚለውን አብልጬ እወደዋለሁ። ጥፋቱን በምግቡም ሆነ በበላተኛው ላይ አይጭንም፤ ሁለት ወገኖች ተገናኝተው ሳይግባቡ ቀሩ ነው የሚለው። ይሁን እንጂ ቃሉን ለአየሩ፣ ለአገሩና ለሥራው እንፈቅድለታለን እንጂ ለወተት አንፈቅድለትም። «ወተት አልተስማማኝም» ያለ ሰው ወዲያው «ወተት ደግሞ ምን ያደርጋል?» ይባላል። ይህን ጥያቄ እኔም ለዓመታት ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ።

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ሀዋሳ ውስጥ ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም ቢጤ እሞካክራለሁ። ረፋድ ላይ፣ ሰልፉ በበረታበት ሰዓት፣ ሆዴ ይነፋል፤ ይጮኻል፤ ከዚያም ቁርጠት ይከተላል። ደንበኛ አስቁሞ፣ ገንዘብ ቆልፎ ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የሠራበት ያውቀዋል። አንዴ «ጨጓራ ነው» ተባልሁ፤ ሌላ ጊዜ «አሜባ»፤ ቀጥሎ «ጃርዲያ»። ኪኒኑን ሁሉ ዋጥሁ። በበኩሌም ሽሮን ከሰስሁ፤ በርበሬን ከሰስሁ፤ የአለቃዬን ፊት ሳይቀር ከሰስሁ።

ፍንጩን የሰጠኝ ዐቢይ ጾም ነው። በ2014 ዓ.ም. ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሩጫው ቆመ። መነፋቱ ግን ጨርሶ አልቀረም ነበርና ነገሩን ለመረዳት ዘገየሁ። ምክንያቱን ያወቅሁት ኋላ ነው። ሽሮና ምስር ራፊኖዝን የመሰሉ ስኳሮች አሏቸው፤ እነዚህን የሚፈጭ ኢንዛይም የማንም ሰው አንጀት አያመነጭም። ስለዚህ የሽሮው ጋዝ የሁላችንም ነው፤ ቁርጠቱና ሩጫው ግን የእኔ ነበር። አንዱ ሌላውን ከልሎት ኖሯል። በፋሲካ ማግስት ሁለት ማኪያቶ ጠጣሁ፤ እንደገናም ሮጥሁ።

በወተት ውስጥ ያለው ስኳር ላክቶስ ይባላል። እሱን የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባለው የትንሹ አንጀት ኢንዛይም ነው። በሕፃንነት ይበቃል፤ በብዙ ሰው ዘንድ ጡት ከተጣለ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ውኃ ይስባል፤ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዝ ይሆናል። ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በአዋቂነቱ ላክቶስን በሚገባ አይፈጭም። ከብት አርቢ በነበሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን ኢንዛይሙ ዕድሜ ልክ እንዲዘልቅ የሚያደርጉ የዘር ለውጦች ተስፋፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካን ጆርናል ኦፍ ሂዩማን ጀኔቲክስ የታተመ ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ እነዚህ ለውጦች አንድ ሳይሆኑ በርካታ ናቸው። እንግዲህ በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጥን ሰዎች ለአንድ ብርጭቆ ወተት የተለያየ ሆድ ይዘን ነው የመጣነው።

ይህንን በቢሮ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። «የወተት ስኳር አይስማማኝም» አልሁ። «በዚህ ዕድሜህ ስኳር ያዘህ?» አለችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይዬ ያለ ስኳር ይመጣልኝ ጀመር። አልፈርድባትም። «ስኳር» በአማርኛችን የበሽታ ስም ሆኗል፤ ወተት ደግሞ ያን ያህል አይጣፍጥምና ማን ይጠረጥረዋል? የተደበቀው በምግቡ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በቃላችንም ውስጥ ነው።

ደብተር ያዝሁ። በባንክ የቀኑ ሂሳብ ሲዘጋ ጉድለት ከተገኘ ማንም ሰው ከመጠርጠሩ በፊት ሰነዱ አንድ በአንድ ይታያል። እኔም የበላሁትን፣ ሰዓቱንና ሆዴ የመለሰልኝን ሦስት ሳምንት ጻፍሁ። ትልቅ ሌባ የማገኝ መስሎኝ ነበር፤ ያገኘሁት ትንንሽ ወጪዎችን ነው። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 12 ግራም ገደማ ላክቶስ ይይዛል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው አስተያየት ላክቶስ የማይስማማቸው አብዛኞቹ ሰዎች በአንድ ጊዜ እስከ 12 ግራም ያህል ያለ ብዙ ችግር ይችላሉ። እናም አንዷ ማኪያቶ ብቻዋን ንጹሕ ነበረች! ግን የጠዋቷ ማኪያቶ፣ ሁለተኛዋ፣ ከእሷ ጋር የቀረበው ሚልፎኝ፣ በመሳቢያዬ ያለው ብስኩት፣ እንግዳ ሲመጣ የሚፈላው ሻይ በወተት… ድምሩ ነው የሚጥለኝ። ብስኩቱ ጀርባ ላይ «ሚልክ ፓውደር»፣ «ዌይ ፓውደር» ተብሎ በባዕድ ቋንቋ፣ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል። የሚያስቀው፣ ብዙ ኪኒኖች መሙያቸው ላክቶስ ነው። መጠኑ ጥቂት ስለሆነ አብዛኛውን ሰው አይጎዳም፤ ነገር ግን ለሆዴ የዋጥሁት ሁሉ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

የመረመሩኝን ሰዎች መውቀስ አልፈልግም። ጃርዲያ ራሱ የአንጀትን ግድግዳ ጎድቶ ለጊዜው ወተት እንዳይስማማ ሊያደርግ ይችላል፤ ደም ያለበት ወይም ክብደት የሚቀንስ ሕመም ደግሞ በደብተር የሚፈታ አይደለም፣ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። ማንም ሳይጠይቀን፣ ምን እንደበላን ሳንናገር፣ ወደ ኪኒን መሮጣችንን። ደግሞም በውድ ዋጋ ከውጭ የሚመጣውን «ላክቶስ ፍሪ» ካርቶን እንደ ብቸኛ መዳኛ ማየታችንን። አያቶቻችን ወተቱን ሲያረጉት ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ ከፊሉን በልተው ወደ አሲድነት ይለውጡታል፤ እርጎ የሚኮመጥጠው ለዚህ ነው። ከአይብ ላይ አጓቱ ሲጠልል አብዛኛው ላክቶስ አብሮ ይሄዳል። የተነጠረ ቅቤ ውስጥማ የሚቀር ነገር የለም ማለት ይቻላል። ደብተሬ ሦስቱንም በነፃ አሰናብቷቸዋል።

አንድ ያልተዘጋ ሂሳብ ግን ቀርቶ ነበር፤ እምቢ ማለት። በፍቼ ምሽት አንድ ባልደረባዬ እናቱ ቤት ጋበዘኝ። ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ አዲስ ዓመት ነው፤ የበዓሉም ምግብ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው ቡርሳሜ ነው። በትልቁ ሻፌታ ዙሪያ ተቀመጥን። ከቡርሳሜው ጥቂት ቀመስሁ፤ አጠገቤ በተቀመጠው የትኩስ ወተት ኩባያ ግን እጄን አልሰደድሁም። እናቲቱ አዩኝ።

«ልጄ፣ ጠጣ እንጂ፤ ምን ሆነህ ነው?»

በበዓል ቀን፣ በሰው ቤት፣ ለእናት የሚሰጥ መልስ ጠፋኝ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ትኩስ ወተት አይስማማኝም» አልሁ፤ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል።

አልተቆጡም፤ አልገረማቸውምም። «የልጆቼም አባት እንደዚሁ ነበር፤ የረጋውን ነበር የሚወደው» አሉና ወደ ጓዳ ተጣሩ። ኩባያው ተነሣ፤ በምትኩ እርጎ መጣ። እሳቸውም ወደሚቀጥለው እንግዳ ዞሩ።