ሕመም ከቤት ያዋለው ሰውና መክሰሱ

የሰው አካል ገቢና ወጪ እንዳለው ጎተራ ነው። በምግብና በመጠጥ የሚገባው ኃይል ገቢው ሲሆን፣ በሥራ፣ በእርምጃና ሰውነትን በማሞቅ የሚያልቀው ደግሞ ወጪው ነው። ገቢው ከወጪው ሲበልጥ ትርፉ በስብ መልክ ተከማችቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ውፍረት ለበዛበት ሰው ዘወትር የሚሰጠው ምክር «ተራመድ፤ ስፖርት ሥራ» የሚል ነው። ምክሩም መልካም ነው። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጎዳናዎች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩ እንዲንሸራሸርና ሰውነቱን እንዲያፍታታ መደረጉ የሚመሰገን ሥራ ነበር።

ይሁን እንጂ በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች በየሰፈሩ ይህን ምክር ሰምተው ሊፈጽሙት የማይችሉ ሰዎች አሉ። አንዱ ጉልበቱን ታሞ ደረጃ መውጣት ተስኖታል። ሌላው ልቡ ስለ ደከመ ጥቂት እንደ ተራመደ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሌላይቱ የስኳር በሽታ እግሯን አቁስሎባት ጫማ ማድረግ አልቻለችም። አንዳንዱም አጥንቱ ተሰብሮ በጄሶ ታስሮ ተቀምጧል። ለእነዚህ ሰዎች «ሩጡ» ማለት ምክር መስሎ ወቀሳ ነው። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ክብደቱን የሚጠብቀው ከሁሉ አስቀድሞ በመክሰሱ ነው። መክሰሱም ያለው በራሱ እጅ ብቻ አይደለም፤ በቤተ ሰቡና በጠያቂው እጅ ጭምር ነው።

ነገሩ የመልክና የቁመና ጉዳይ አለመሆኑን አስቀድመን ማስረዳት ይገባናል። ክብደት በሕመም ላይ ሲጨመር ሕመሙን ያብሰዋል፤ የባሰው ሕመም ደግሞ ሰውየውን ይበልጥ ያስቀምጠዋል፤ መቀመጡም ክብደቱን እንደ ገና ይጨምረዋል። ከዚህ ክብ መውጣት አስቸጋሪ ነው። ስለ ጉልበት ሕመም የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው ሕመምተኛው 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ያህል ይቀልለታል። ትርፍ ክብደት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የስኳር በሽታንም ለመቆጣጠር ያስቸግራል። እንግዲህ መክሰስን መመጠን የመድኃኒት ያህል ሥራ አለው ማለት ነው።

«ውፍረት የባለጸጋ አገር በሽታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያመለክተው ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነ ሴቶች ቁጥር በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 3 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ከመቶ 8 ደርሷል። በከተሞችም ከገጠሩ ይልቅ ይበዛል። ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

ሒሳቡን እንመልከት። መካከለኛ ክብደት ያለው ሰው ለአንድ ሰዓት ደኅና አድርጎ ቢራመድ ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ያወጣል። ከቤቱ ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ቤቱ በእግሩ ይመላለስ የነበረ ሰው በሕመም ምክንያት ሲቀመጥ ይህ ወጪ ይቀርበታል። በተቀመጠበት ደግሞ በቀን 5 ብርጭቆ ሻይ፣ በያንዳንዱም 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨምር 15 ማንኪያ ይሆናል። ይህም ወደ 60 ግራም፣ ማለት 240 ኪሎ ካሎሪ ነው። እንግዲህ መንገዱ ቀርቶ ሻዩ ሲጨመር ልዩነቱ በቀን ከ400 ኪሎ ካሎሪ በላይ ሆነ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ የሚጨመር ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከመቶ 10 በታች እንዲሆን አሳስቧል፤ ከመቶ 5 በታች ቢሆን፣ ይኸውም ወደ 25 ግራም ወይም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ቢሆን፣ ይበልጥ ይጠቅማል ብሏል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ብቻውን 30 ግራም ያህል ስኳር ሊይዝ እንደሚችል ስናስብ፣ ምሳና ራት ሳይቆጠሩ ልኩ እንዴት እንደሚታለፍ ግልጽ ይሆናል።

የአገራችን ምግብ ራሱ ጥፋት የለበትም። ቆጮም፣ ቡላም፣ ክትፎም አባቶችና እናቶች በጥበብ ያዘጋጁት ማለፊያ ምግብ ነው። ግን ያዘጋጁት ለማን እንደ ነበረ ማስተዋል ያስፈልጋል። እንሰት የሚፍቁ፣ መሬት የሚቆፍሩ፣ እንጨት የሚሸከሙና በጀፎረው ላይ ከመንደር መንደር የሚመላለሱ ሰዎች ምግብ ነበር። ያ ሰው በላቡ ያወጣውን ኃይል በቅቤው ይመልሳል። ወንበር ላይ የዋለ ሕመምተኛ ግን የሚመልሰው ወጪ የለውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ በክትፎው ላይ የሚፈሰው ደግሞ አንድ ማንኪያ ብቻ አይደለም። ቆጮም ኃይል ሰጪ ነው እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በቅቤ ፈንታ በጎመን፣ በአይብና በባቄላ ቢበላ ለሕመምተኛው ይሻለዋል።

ቡናችንም እንደዚሁ ነው። ቡና በራሱ ኃይል የለውም ማለት ይቻላል፤ ክብደት የሚያመጣው አብሮት የሚመጣው ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ እየተባለ 3 ጊዜ ሲቀዳ፣ እንደየቤቱ ልማድ ስኳር ወይም ቅቤ ይጨመርበታል፤ ለቡና ቁርስም ቆሎ፣ ፈንዲሻ ወይም ዳቦ ይቀርባል። ይህ ሥነ ሥርዓት በአንድ ቤት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በጎረቤትም አንድ ጊዜ ሲደረግ፣ ከቤት የማይወጣው ሰው ሳይርበው በየጊዜው ይዘግናል። ያን ሁሉ ከበላ በኋላም «ዛሬ ምንም አልቀመስሁም» ሊል ይችላል፤ ምክንያቱም በገበታ የቀረበ እንጂ በእጅ የተዘገነ አይቆጠርምና።

አሁን ወደ ጠያቂዎች እንምጣ። ሕመምተኛን መጠየቅ ከልማዶቻችን ሁሉ የከበረ ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ባዶ እጅን መሄድ ግን ነውር ሆኖ ስለሚታይ፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ብስኩት፣ አንዱ የታሸገ ጭማቂ፣ ሌላውም ገንፎ ይዞ ይመጣል። ሕመምተኛውም ያመጡትን ካልቀመሰ የናቃቸው ይመስለዋል። «አፈር ስሆን፣ አንድ ጊዜ ጉረስ» ተብሎ ሲለመን እምቢ ማለት አይቻለውም። በመስቀልና በዓረፋ በዓል ወገን ሁሉ ከአዲስ አበባና ከሌላ ስፍራ ወደ አገሩ ሲሰበሰብ ጉርሻው ይበረታል። በሳምንቱ መጨረሻ ሐኪሙ ሕመምተኛውን «ለምን ወፈርህ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ተወቃሹ ጠያቂው ሳይሆን ተጠያቂው ይሆናል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም።

በዚህ ላይ «ለታመመ ሰው ምግብ መከልከል ጭካኔ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ከፊሉ እውነት ነው። የሳንባ ነቀርሳ የያዘው፣ ቁስል ያለበት፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወይም ትኩሳት ያደከመው ሰው በቂና ገንቢ ምግብ ያስፈልገዋል። ከዚህም በቀር ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘግነው ርቦት ሳይሆን ብቸኝነትና ሐሳብ ይዞት ነው፤ ሰው በሌለበት ሰሐኑን ብቻ መውሰድ ኀዘኑን ማብዛት ይሆናል። እኛም የምንለው ይራብ ሳይሆን ይመጠን ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን እናሳስባለን።

1ኛ፤ መክሰስ ሰዓትና ልክ ይኑረው። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተወስኖ፣ በትንሽ ሰሐን ተሰፍሮ ይቅረብ እንጂ ሞሰቡ ወይም የቆሎው ዕቃ በሕመምተኛው አጠገብ አይዋል።

2ኛ፤ የመክሰሱ ዓይነት ይለወጥ። ንፍሮ ውኃ ስለ ያዘ ከቆሎ ይልቅ በጥቂት ኃይል ያጠግባል። ያልተጨመቀ ፍሬ ከጭማቂ ይሻላል። በየጁስ ቤቱ በስኳር የሚዘጋጀው የአቮካዶ ጭማቂ ብዙ ኃይል ስላለው ለተቀመጠ ሰው ከባድ ነው።

3ኛ፤ የስኳሩ ማንኪያ በየሳምንቱ ይቀነስ። ከ3 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 1 ሲወርድ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል። ለጥማት ንጹሕ ውኃ ይቅረብ።

4ኛ፤ በምሳና በራት ጊዜ የሰሐኑ ግማሽ ጎመንና ሌላ አትክልት ይሁን፤ ሩቡ ቆጮ ወይም እንጀራ፣ ሩቡ ባቄላ፣ ምስር፣ አይብ ወይም ጮማ የሌለው ሥጋ ይሁን። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን የራሱን ልክ ሐኪሙን ይጠይቅ።

5ኛ፤ ክብደት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይመዘን፤ በደብተርም ይጻፍ። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ብቻ ቢቀንስ ለደም ግፊቱና ለጉልበቱ ጥቅም ሊያገኝ ይችላል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው።

6ኛ፤ ሕመም እንቅስቃሴን ይወስናል እንጂ ሁሉን አይከለክልም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ነባር በሽታና የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎችም ጥቂት መንቀሳቀሳቸው ካለመንቀሳቀስ እንደሚሻል አስታውቋል። በወንበር ተቀምጦ ክንድን ማንሣትና መዘርጋት፣ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ሐኪም ሲፈቅድም በደልዳላ ስፍራ ጥቂት መራመድ ይቻላል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። የልብ ሕመምተኛ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ያህል ቢጨምር፣ እግሩም ቢያብጥ ወይም ትንፋሹ ቢያጥር፣ የጨመረው ስብ ሳይሆን በሰውነቱ የተጠራቀመ ውኃ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይሂድ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ እንክብል የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግቡንና መክሰሱን ቢተው፣ ቢጾምም፣ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ለአስምና ለመሳሰሉት ሕመሞች የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን የመብላት ፍላጎትን ይጨምራል፤ ሆኖም በድንገት ማቋረጡ አደጋ ስላለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይተው። «ጫት ያቀጥናል» የሚለውም ወሬ ሰውን እንዳያታልል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ለጊዜው ቢዘጋም የልብን ትርታና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳም ስኳሩን ይዞ ይገባል። ሳይፈልግና ሳይመጥን የቀነሰ ሰው ደግሞ ሊመረመር እንጂ ሊመሰገን አይገባውም።

ጠያቂዎችንስ ምን እንላቸዋለን? መምጣታችሁን አትተዉ፤ የምትይዙትን ግን ለውጡ። አንድ እስር ጎመን፣ ጥቂት አይብ፣ ሁለት ብርቱካን ከለስላሳ ሣጥን ይበልጣል። ከዚያም የሚበልጥ ስጦታ አለ፤ መድኃኒት ገዝቶ ማምጣት፣ ሕመምተኛውን ደግፎ እስከ ደጅ ማራመድ፣ ጋዜጣ ማንበብ፣ ወደ ጤና ጣቢያ አብሮ መሄድ። እድሮቻችን በኀዘን ቀን የሚያደርጉት ሥርዓት እንዳላቸው ሁሉ፣ በስብሰባቸው ላይ ስለ ሕመምተኛ አጠያየቅ ቢነጋገሩና ቢስማሙ፣ ማንም «ባዶ እጁን መጣ» ተብሎ አይታማም፤ ሕመምተኛውም ባለመብላቱ አይታማም።

መምህራንም በዚህ ረገድ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ከላይ የጻፍነው የስኳር ሒሳብ በክፍል ውስጥ ለማባዛት ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ነው። ተማሪው በቤቱ የሚጠጣውን ሻይ ቆጥሮ፣ ማንኪያውን አባዝቶ ወደ ግራም ቢለውጥ፣ ሒሳቡን ወደ አያቱ ወንበር ይዞት ይሄዳል። የታመመችውን አያቱን ለማስደሰት ሦስተኛውን ማንኪያ ሊጨምር የሚዘረጋው እጅ ብዙ ጊዜ የእሱ ነውና፣ ሰብስቦ መመለሱም የእሱ ይሆናል። ወላጆችም ልጁ እንዲህ ሲያደርግ «ስስታም» ብለው አይገሥጹት፤ ለአያቱ ዕድሜ ማሰቡ ነውና።