ስኳር እለካለሁ የሚለው ሰዓት

መጋላ ውስጥ ዛሬ «ስማርት» የማይባል የእጅ ሰዓት ማግኘት ከባድ ነው። በከፊራም ሆነ በታይዋን ሰፊ ፊት፣ ብርቱካናማ ማሰሪያና በጎኑ ቁልፍ ያለው ሰዓት በየሱቁ ተደርድሯል። ካርቶኑ ላይ «አልትራ» ይላል። ምን ምን ይሠራል ተብሎ የሚጠየቅ ሻጭ መልሱ አጭር ነው፤ «ሁሉንም አቦ!» ስልክ ያነሳል፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ ግፊት ይለካል፤ አሁን አሁን ደግሞ ስኳር ይለካል።

ጨዋታው የሚያበቃው እዚህ የመጨረሻው ቃል ላይ ነው። ሰዓቱ ኮፒ መሆኑ የኪስ ጉዳይ ነው። ስኳር ይለካል መባሉ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ከደረሰ ጀምሮ ድሬዳዋ የባሕር ማዶ ዕቃ መግቢያ በር ናት። የመጋላ ገዢም ዕቃ መርምሮ የመግዛት የቆየ ልማድ አለው። ጨርቁን በጣቱ ያሻል፣ ሬዲዮኑን ባትሪ አስገብቶ ያስጮኻል፣ ሴኮውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ስማርት ሰዓት ግን ከዚህ ሁሉ ምርመራ ያመልጣል። የቆመ ሰዓት ራሱን ያጋልጣል፤ የውሸት ቁጥር የሚያሳይ ሰዓት ግን ሲሠራ ይውላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙን ማጥራት ያስፈልጋል።

◾ ለመሆኑ ስማርት ሰዓት የቱ ነው?

ሰዓትን ከሰዓትነት በላይ የማሠራት ሙከራ አዲስ አይደለም። ካሲዮ የሒሳብ ማሽን ያለበትን ሰዓት ያወጣው በ1980 ነው። ሴኮ በ1998 «ሩፒውተር» የተባለ፣ ፕሮግራም የሚጫንበት የእጅ ኮምፒውተር ሸጧል። በ2012 ፔብል የተባለው ሰዓት ገና ሳይመረት ከ68 ሺሕ በላይ ሰዎች በኢንተርኔት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። አፕል ወደ ገበያው የገባው በ2015 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው መለኪያ ቀላል ነው። ባለ ቁልፍ ስልክንና ስማርት ስልክን የሚለያቸው፣ ስማርቱ ሌላ ሰው የሠራውን አፕሊኬሽን መቀበሉ ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው። የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለውና አፕሊኬሽን የሚጫንበት የእጅ ኮምፒውተር ስማርት ሰዓት ይባላል። በዚህ መለኪያ መጋላ ውስጥ በአንድ ስም የሚሸጡት ዕቃዎች ቢያንስ በአራት ይከፈላሉ።

አንደኛ፣ እውነተኞቹ ስማርት ሰዓቶች፦ አፕል ዋች፣ ሳምሰንግ ጋላክሲ ዋችና የጉግል ፒክስል ዋች።

ሁለተኛ፣ የስፖርት ሰዓቶች፦ የሁዋዌ ጂቲ፣ አማዝፊትና ጋርሚንን የመሳሰሉ። አብዛኞቹ እንደ ልብ አፕሊኬሽን አይጫንባቸውም፤ ሴንሰራቸው ግን እውነተኛ ነው፤ ባትሪያቸውም ይቆያል።

ሦስተኛ፣ ባንዶች፦ የሻኦሚ ባንድና መሰሎቹ። ቀጭን፣ ርካሽ፣ ጥቂት ነገር ብቻ የሚሠሩ ናቸው።

አራተኛ፣ መሳዮች። ቀድሞ ሲም ካርድ የሚወስደው «ዲዜድ 09» ነበር። ዛሬ ተራው የ«ቲ800 አልትራ» እና የዘመዶቹ ነው። አፕል እውነተኛውን አልትራ በ2022 መስከረም ላይ ሲያወጣ ዋጋው 799 ዶላር፣ አካሉ ቲታኒየም ነበር። መሳዩ ከዚህ አንድ አሥረኛ እንኳ አያወጣም። የወሰደው ቅርጹን፣ ብርቱካናማ ቀለሙንና ስሙን ነው።

ይህን መከፋፈል የፈረንጅ ቅብጠት የሚያደርገው ሰው አይጠፋም። ዋናው ቁም ነገር ግን ማን «ስማርት» ተብሎ ይጠራ የሚለው አይደለም። ጥቂት ነገር በሐቅ የሚሠራ ባንድ፣ ሁሉን እሠራለሁ ብሎ ከሚዋሽ «አልትራ» ይሻላል። የስሙ መደበላለቅ የሚጎዳው ይህን ልዩነት ስለሚሸፍን ነው።

◾ ለድሬዳዋ ሰው የሚሆነው የቱ ነው?

ሞዴል ከሞዴል ሲወዳደር ብዙ ሰው ስለ ስክሪኑ ጥራት ይከራከራል። ለድሬዳዋ ነዋሪ ግን ከስክሪን የሚቀድሙ አራት ጥያቄዎች አሉ።

ስልክ፦ አፕል ዋች ያለ አይፎን አይሠራም። ከ2021 ወዲህ የወጡት ጋላክሲ ዋቾች ደግሞ ከአይፎን ጋር አይገናኙም። የሁዋዌ፣ የአማዝፊት፣ የሻኦሚና የጋርሚን ምርቶች ከሁለቱም ጋር ይስማማሉ። ከውጭ ዘመድ የላከው አፕል ዋች መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ተቀባዩ የያዘው ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ ስለሆነ ነው።

ባትሪ፦ አፕል ለመደበኛ ሞዴሎቹ ለብዙ ዓመታት ቃል የገባው 18 ሰዓት ነው። ትልቁ የሁዋዌ ጂቲ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል ይባላል፤ የሻኦሚ ባንዶችም እዚያው አካባቢ ናቸው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ በየማታው ቻርጅ የሚፈልግ ሰዓት ጠዋት ጌጥ ሊሆን ይችላል።

ሙቀት፦ አፕል መደበኛ ሰዓቶቹን ከዜሮ እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንዲጠቀሙባቸው ይመክራል፤ ለአልትራው ግን እስከ 55 ዲግሪ ፈቅዷል። የድሬዳዋን ግንቦትና ሰኔ ለሚያውቅ ሰው 35 ዲግሪ የዘወትር ቀትር ነው። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ስለዚህ ሰዓት ከመኪና መስታወት ሥር ትቶ መሄድ በዚህ ከተማ ውድ ስንፍና ነው።

ሰዓት አቆጣጠር፦ እነዚህ ሁሉ «ብልሆች» የኢትዮጵያን ሰዓት ሳያውቁ ነው የሚመጡት። አንዳንዱ ሰው ስልኩን በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልስና የመልእክቱም የቀጠሮውም ሰዓት ይዘባረቅበታል። ከዚያ የሚሻል ዘዴ አለ። ሁለተኛ የዓለም ሰዓት የሚያሳይ ገጽታ መርጦ ቦነስ አይረስን ማስገባት ነው። የአርጀንቲናዋ ከተማ ከእኛ በስድስት ሰዓት ስለምትዘገይ፣ ድሬዳዋ ላይ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚያ ልክ አንድ ሰዓት ይላል። ቀኑም የሚለወጠው እኛ ጋ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ልክ እንደ አገሩ ወግ።

በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ሲመዘን፣ ለአብዛኛው የመጋላ ገዢ ውዱ ሰዓት አያስፈልገውም። ጥሩ ባንድ ወይም ቀለል ያለ የስፖርት ሰዓት ይበቃዋል። ችግሩ እነሱም ቢሆኑ የማይችሉትን፣ መሳዩ «እችላለሁ» ብሎ መሸጡ ነው።

◾ ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ከሰዓቱ ጀርባ የሚበራው አረንጓዴ መብራት ሥራ አለው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይመጣል፤ ልብ በመታ ቁጥር የእጅ ደም ሥር ሞልቶ ሲጎድል፣ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃንም ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ሴንሰሩ ይህን ቆጥሮ የልብ ምት ይሰጣል። እዚህ ድረስ ጥሩ ባንድም ይሠራዋል።

የደም ግፊት ግን ሌላ ነው። ሳምሰንግ ግፊት በሚለኩ ሰዓቶቹ ላይ ተጠቃሚው በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ እየተለካ ሰዓቱን እንዲያስተካክል ያስገድዳል። ሁዋዌ ደግሞ «ዋች ዲ» በተባለው ሰዓት ማሰሪያ ውስጥ በአየር የሚነፋ ትንሽ ከረጢት ለመክተት ተገድዷል። አፕል በ2025 ያወጣው የግፊት ማስጠንቀቂያ ቁጥር እንኳ አይሰጥም፤ የሚለው «ሐኪም ዘንድ ሄደህ ተለካ» የሚል ዓይነት ብቻ ነው። ዓለም ላይ ገንዘብና መሐንዲስ የተትረፈረፋቸው ኩባንያዎች ይህን ያህል ሲጠነቀቁ፣ ሳይነፋና ሳይስተካከል በጥቂት ሴኮንድ «120 በ80» የሚል ርካሽ ሰዓት እየለካ አይደለም፤ እየገመተ ነው። ግምቱ ደግሞ ከጤነኛ ሰው ቁጥር ብዙም ስለማይርቅ ገዢው ደስ ይለዋል። አደጋውም እዚያው ደስታው ውስጥ ነው።

ስኳር ላይ ሲደረስ ግምትም የለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2016 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይወጋ በራሱ ስኳር የሚለካ አንድም ስማርት ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ ገልጾ ሰዎች እንዳይጠቀሙባቸው አሳስቧል። አፕልም፣ ሳምሰንግም እንዲህ ያለ ሰዓት አይሸጡም። በሰዓት ላይ ስኳሩን የሚያይ ሰው ካለ ክንዱ ላይ የተለጠፈ፣ ቀጭን መርፌው ቆዳ ሥር የገባ ሌላ መሣሪያ አለው ማለት ነው፤ ሰዓቱ የዚያን ቁጥር ማሳያ መስኮት ብቻ ነው።

◾ በረመዳን ቀትር ላይ

ይህ ጉዳይ መጋላ ላይ ሲመጣ የት ሊያደርስ እንደሚችል ማሰብ አይከብድም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ስለ ረመዳን ባዘጋጀው መመሪያ፣ የሚጾም ሕመምተኛ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ወዲያው ማፍጠር እንዳለበት ይናገራል። ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስም ያስረዳል።

እንግዲህ አንዲት እናት በቀትር ሙቀት ላብ ላብ አላት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ እንበል። ልጇ በፍቅር የገዛላትን ሰዓት ታያለች። ሰዓቱ ደህና ቁጥር ያሳያታል። «ድካም ነው፣ እስከ መግሪብ ልታገሥ» ብላ ትተኛለች። ዲኑ ለታመመ ፈቅዷል፣ ሐኪሙም መክሯል፤ ያሳሳታት ብርቱካናማው ማሰሪያ ነው። የዐቢይ ጾምን የሚጾም፣ ኢንሱሊኑን በዚያ ቁጥር የሚመጥን ክርስቲያን ጎረቤቷም ከዚህ አደጋ አያመልጥም።

◾ ሻጩን ማባረር መፍትሔ አይደለም

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ሙግት አለ። ዶላር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኦሪጅናል ዕቃ ለብዙ ሰው የማይነካ ሆኗል። ኮፒ መሆኑን ገዢውም ያውቃል፤ ወጣቱ ሻጭም ካርቶኑ ላይ ያለውን ከማንበብ በቀር የፈጠረው ነገር የለም። እንጀራው ለምን ይነካል?

ሙግቱ ግማሹ እውነት ነው። ኮፒ ሰዓት ለልጅ መጫወቻ፣ ለወጣት ማጌጫ፣ እጅ ሞልቶ ሳለ ስልክ ለማንሳት ይጠቅማል፤ እንደዚያ ተብሎ ቢሸጥ ማንም አይጎዳም። ገዢው ግን የሚያውቀው ማሰሪያው ኮፒ መሆኑን ነው፤ ቁጥሩ ኮፒ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ከገበያው መነሣት ያለበት ሰዓቱ ሳይሆን «ስኳርና ግፊት ይለካል» የሚለው ቃል ነው።

ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያን በቁጥጥር ሥር አድርጓል። ስኳር እለካለሁ ያለ ዕቃ ራሱን የሕክምና መሣሪያ አድርጓል፤ እንደ ሕክምና መሣሪያ ይጠየቅ። ጥያቄው መጀመር ያለበት ግን በካርቶን ከሚያስገባው አስመጪ እንጂ በደረቱ አንጠልጥሎ ከሚዞረው ልጅ አይደለም። የአፈሳ ዘመቻ ዕቃውን ከመደርደሪያ ወደ ጓዳ ከማስገባት አያልፍም።

ጤና ጣቢያዎችም አንድ ቀላል ድርሻ አላቸው። የስኳርና የግፊት ክትትል ላይ ያለን ሰው «ቤት ውስጥ በምን ነው የምትለካው?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ «በሰዓት» ከሆነ የዚያ ቀን ዋና ምክር እሱ ላይ መሆን አለበት።

ለገዢው ደግሞ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ሰዓቱ በየትኛው አፕሊኬሽን ከስልኩ ጋር እንደሚገናኝ ጠይቆ የአምራቹ ስም መኖሩን ማየት፤ የልብ ምቱን ጣትን አንጓ ላይ አድርጎ ለአንድ ደቂቃ ከተቆጠረው ጋር ማስተያየት፤ ስኳርና ግፊት ከተጠቀሰ ደግሞ ያንን እንዳልሰማ ቆጥሮ ዋጋ መከራከር። በተረፈው ገንዘብ የክንድ ግፊት መለኪያ ወይም የስኳር መለኪያ ወረቀት መግዛት ይቻላል።

«ሁሉንም ይሠራል አቦ» ያለው ሻጭ ምናልባት እናቱ ራሷ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ያንን ሰዓት ለእሷ አስሮላት ኢንሱሊኗን በእሱ ያስመጥናት እንደሆነ ቢጠየቅ መልሱ አያጠራጥርም። ለእናቱ የማይለውን ለሰው እናት እንዳይል ማድረግ፣ ከመጋላ ነጋዴ የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው።